የቀለጠው ጨው እስኪጠልል ይጠብቁ የነበሩት መምህራችን ማረፍ

የባትሪ ቁሶች ምርምር ክፍላችን ከፍተኛ ተመራማሪና የላቦራቶሪ መምህር የነበሩት፣ በሁላችንም ዘንድ «ጋሼ ይጥለል» በመባል የሚታወቁት ባልደረባችን በድንገተኛ ሕመም ባለፈው ሐሙስ በሰባ ዓመታቸው አርፈዋል። ይህን ለሠራተኞቻችን፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለወዳጆቻቸው ስናስታውቅ ሐዘናችን ከባድ ነው። የምድጃውን ክፍል ያለ እሳቸው ድምፅ ገና አልለመድነውም።

የዘመናቸው ጥያቄ አንድ ነበር። ከአራት መቶ ዲግሪ በላይ በሚሠሩ ባትሪዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የቀለጠ ጨው ነው፤ የባትሪው አንዱ ወገን ደግሞ የብረትና የድኝ ውሕድ የሆነው የብረት ሰልፋይድ ነው። ከሰልፋይዱ ወደ ጨው የሚሟሟው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ግን ወደ ሌላው ወገን እየተሻገረ ባትሪውን ሳይሠራበት ያደክመዋል። ስንት ይሟሟል? በምን ሙቀት? በየትኛው ጨው?

በ1984 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መለኪያ አወጡ። ቁጥሩ በየጉባኤው ተጠቀሰ።

በ1987 ዓ.ም. ቁጥሩ ስህተት መሆኑን ማንም ሳይጠይቃቸው በጽሑፍ አስታወቁ። ናሙናው የተጨለፈው ጨው ሳይጠልል ስለነበር ያልሟሟ ደቃቅ ቅንጣት አብሮ ተቆጥሯል፤ ከብርጭቆ ሥር የተቀመጠን ስኳር ሟሟ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጭልፋ ያነሣውን ሁሉ «ይጥለል እስቲ ልጄ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉት ነበር። ቅጽል ስማቸው ከዚሁ የመጣ ነው፤ አልጠሉትም።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ናሙና ለሁለት እንዲከፈል፣ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ እንዲለኩት፣ ውጤታቸውንም በታሸገ ፖስታ እንዲያኖሩ ደነገጉ። ፖስታዎቹ የሚከፈቱት አንድ ላይ ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት ጋዋናቸውን ለብሰው ምድጃው ፊት ተገኙ። «ጡረታ የወጣው ወንበሬ ነው» አሉን።

ላለፉት ስድስት ዓመታት፣ ብሮማይድ የተባለ ሌላ የጨው ዓይነት የተጨመረበት ጨው ሰልፋይድን የማሟሟት አቅሙ ያንስ እንደሆነ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ካነሰ የባትሪው ዕድሜ ይረዝማል። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት የመጨረሻውን ናሙና ግማሽ ለክተው ፖስታቸውን አሽገዋል። ሌላው ግማሽ የምድጃ ባለሙያችን ድርሻ ሲሆን ገና አልተለካም።

ከመካከላችን ፖስታው አሁኑኑ ይከፈት ያልን ነበርን። ለልጃቸው ስንነግራቸው «አባባ ቢኖሩ ማን ደፍሮ ይከፍተው ነበር? መጀመሪያ ሁለተኛው ይለካ» ብለውናል። ትክክል ናቸው።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ አብረዋቸው ምድጃ ፊት ለቆሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ፖስታው እንደታሸገ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባለሙያችን ድርሻቸውን በመጪው ሐሙስ ይለካሉ፤ ሁለቱም ፖስታዎች ቤተሰባቸው ባለበት ይከፈታሉ። ቁጥሮቹ ከተስማሙ ውጤቱን በስማቸው እናሳትማለን። ካልተስማሙ ምድጃውን እንደገና እናሞቃለን፤ ጨውም እስኪጠልል እንጠብቃለን።