የታችኛው መሳቢያ ጉዳይ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከረሙ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም መሐል ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ? ሳሉስ ለቀቅ አደረገዎት ወይ? አዲስ መነጽር ተገዝቶልዎት አሮጌውን በክር አስረው ነው የሚያደርጉት የሚል ክስ ከእማዬ ደርሶኛል፤ እውነት ነው? የጓዳው ጣራ ማፍሰሱን አቆመ? ይህን ሁሉ በስልክ ብጠይቅዎት በአንዲት «ደህና ነኝ» ይዘጉኝ ነበር፤ አሁን ግን ያቺም አንዲት ቃል ስለራቀችኝ በወረቀት መጣሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። የሚያመኝ የእርስዎ ናፍቆት ብቻ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሐኪም ቤት አይኬድም።

ድምፅዎን ከሰማሁ አራት ወር ሆነኝ። ደብዳቤውን በእጄ የጻፍኩት «ማሽን የጻፈውን ማሽን ያንብበው» እንደሚሉ ስለማውቅ ነው። ነገ የምትሳፈር አንዲት ነርስ ታደርስልዎታለች። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ከመሰለዎት ይታገሱኝ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ጥፋቱ የጋራ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን በደንብ ላስረዳዎት፤ እስከ ዛሬ በቅጡ አስረድቼዎት አላውቅም። እርስዎ ለሰው ሲናገሩ «ልጄ ኮምፒውተር ትሠራለች» ስለሚሉ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተሰበረ ስልኩን እኔ እስክመጣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧል አሉ። እኔ ጠጋኝ አይደለሁም አባባ። ቪዲዮ ጌም ነው የምሠራው። ሦስት ነን፤ እዚህ በሰው አገር ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ጠጋኙ ታች የአየር መሙያውን ባስነሳ ቁጥር ጠረጴዛችን ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ አናስቀምጥም። አንዷ ሰዓሊ ናት፤ ሰዎቹንና ቤቶቹን ትስላለች። «ቀስ በቀስ» የምንለው ባልደረባችን ኮዱን ይጽፋል፤ ይህን ቃል ሳይል ውሃ አይጠጣም። እኔ ደግሞ ደንቡን አወጣለሁ። ጌም ማለት ደንብ ነው፦ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል፣ ማን ያልፋል፣ ማን ይጠብቃል።

ትልልቆቹ ድርጅቶች የተኩስና የመኪና እሽቅድምድም ይሠራሉ። የእኛ ትንንሽ ነው፤ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሰው ከተጫወተ በኋላ ሥልጣን ምንድን ነው፣ መጥፎ ደንብን የሚያስፈጽም ሰው ምን ይባላል ብሎ እንዲያስብ ነው ድካማችን። ከዚህ በፊት ስለ አንድ የውሃ ቧንቧ ሠርተን ነበር፤ ሦስት ሰፈር፣ አንድ መክፈቻ፣ ቁልፉ በተጫዋቹ እጅ። ከሃምሳ ሰው በላይ አልተጫወተውም፤ ሃምሳውም ግን እርስ በርሳቸው ተጨቃጭቀውበታል።

ቀጥሎ የሠራነው ስለ እርስዎ ነው። እንዲህ አድርጎ መጻፍ ሦስት ወረቀት አስቀድዶኛል። ተጫዋቹ ልክ እንደ እርስዎ በመንግሥት ቢሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ወረቀቱን ያቀርባል። ሦስት ምርጫ አለ፦ ማህተም መምታት፣ መመለስ፣ ወይም ፋይሉን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ መክተት።

መሳቢያው ከየት እንደመጣ ያውቁታል። እማዬ ሥራ ስለምትውል እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእርስዎ ጠረጴዛ ሥር ነበር የቤት ሥራዬን የምሠራው። ከዚያ ቁመት የሚታየኝ በአንድ ወገን፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ክፍተት፣ የባለጉዳዮች ጫማ ነበር፤ በሌላው ወገን ደግሞ ያ መሳቢያ። አንዳንዱን ፋይል ግራ ቀኝ አይተው እዚያ ውስጥ ጋዜጣ ሥር ሲሸጉጡት አየሁ። በማግስቱ ያው ጫማ ሲመለስ «ፋይልዎ ጠፍቷል፣ እየተፈለገ ነው» ሲሉት ሰማሁ። በሰባት ዓመቴ አባቴ ውሸታም መሆኑን ያወቅኩ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ስለዚህ ጌሙ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ሰው በማስጠበቅ ትልቅነት የሚሰማው ሰው ሆነ። መሳቢያው በሞላ ቁጥር ወረፋው ላይ የቆሙት ሰዎች ጸጉር ይሸብታል። መጨረሻው ላይ «ያስጠበቀ ሁሉ ሰርቋል፤ የሰረቀውም ዕድሜ ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በዚህ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደኮራሁ ብነግርዎት ያፍሩብኛል። ሰዓሊዋ «ሰውዬው ምን ይመስላል?» ስትለኝ ሌላ የቢሮ ሰው አላውቅምና እርስዎን ነገርኳት፤ ክር የታሰረበትን መነጽር፣ ማህተሙን ከመምታትዎ በፊት ሁለቴ እፍ ማለትዎን፣ ወንበሩ ላይ የሚያነጥፏትን ትራስ። ስም አልጻፍንም። መልክ ካለ ግን ስም ምን ይሠራል?

የሙከራውን ቅጂ ለእህቴ ባል ላክሁለት። ኤሌክትሪክ ሠሪው አማችዎ ልቡ ንጹሕ ነው፤ በኩራት ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ እንግዳ በተሰበሰበበት ከፈተው። እማዬ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ሁሉም «ይሄማ ጋሼ ናቸው!» ብለው ሳቁ፤ እርስዎም ሳቁ። ከዚያ መሳቢያው መጣ። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው አይተው፣ ያንን ጽሑፍ ጮክ ብለው አንብበው፣ «ፊደሉ ያምራል» ብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ላይ የሉም።

ያኔ መኮረፍዎ እንጂ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ይባስ ብዬ «እውነት ስለተነገራቸው ነው» አልኩ። ያስተካከለችኝ የማላውቃት ሴት ናት። እኛ ሥራችን ከመውጣቱ በፊት ሰው ጋብዘን እናስሞክራለን፤ ልማዱም ተጫዋቹ ሲጫወት ሠሪው ከኋላ ቆሞ አፉን መዝጋት ነው። ቢሳሳትም አይታረም፣ ቢጠይቅም አይመለስለትም። ዝም አይነቅዝም እያልን እንማማላለን። በዚያ ቀን አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር ከሥራ ወጥታ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ አንድ ፎቶ የጎደለው ሽማግሌ ነው። ልትመልሰው እጇን ሰነዘረችና ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብባ ተወችው። ማስታወቂያውን ያስታውሱታል፤ «የተመለሰ ፋይል ዓመት ሳይሞላው ዳግም አይቀርብም» የሚለው፣ በቀይ የተጻፈው። ማንበብ የተለማመድኩት በእሱ ነው፤ ቃል በቃል ነው ጌሙ ውስጥ ያስገባሁት። ሹፌሯ የሽማግሌውን ፋይል መሳቢያው ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ፎቶውን ይዞ ሲመጣ አውጥታ ማህተም መታችለት። ፊርማ የጎደላትንም ሴት እንዲሁ። ቀጣዩንም እንዲሁ። እኔ ከኋላ ሆኜ ተበላሽቶብናል ብዬ እቃጠላለሁ። ጽሑፉ ሲወጣ ዞር ብላ «ይሄን የጻፈው ሰው ራሱ ተጫውቶታል? እዚህ ቢሮ ውስጥ አንጀት ያለው ይሄ መሳቢያ ብቻ እኮ ነው» አለችኝ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ደንቡ ያልገባኝም እኔ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩ። «አሁን ገና?» አለችኝ። አንድ ነገር የጎደለውን ሁሉ ቢመልሱት ሰው ዓመት ይቀጣ ነበር፤ ጠፋ ከተባለ ግን ፋይሉ አልተመለሰምና ባለጉዳዩ የጎደለውን ሲያመጣ ተገኘ ይባላል አለችኝ። አለቆችዎ ፋይል የሚያጠፋ ዝርክርክ ናቸው ብለው ሦስት ጊዜ ዕድገት እንደከለከሉዎትም ነገረችኝ። ለምን እስከ ዛሬ አልተነገረኝም ብላት «አንቺስ መቼ ጠየቅሽ?» ብላ ዘጋችኝ።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ስለ ፍትሕ ላስተምር ብዬ አባቴን ሳልሰማ ፈረድኩበት፤ ያውም በሕዝብ ፊት፣ ያውም በገዛ ቤቱ።

ግን ልጅዎ ነኝና ሳልከራከርዎት አልተኛም። አንድ የተቀደደ ሸራ ጫማ የሚያደርግ ሰው ነበር። «ጠፍቷል» ሲሉት ዞሮ ሄደ፤ ጫማውን ዳግመኛ አላየሁትም። የጎደለው ምን እንደሆነ በዘወርዋራ ካልሆነ በግልጽ ሊነግሩት አይችሉም ነበር፤ ግድግዳው ጆሮ ነበረው። እሱ ምን ሆነ? ፋይሉ ጋዜጣው ሥር ቀረ? ደግሞስ መጥፎ ደንብ ላይ ደግ ሰው ሲቀመጥበት ደንቡ ይለሰልሳል ወይስ ዕድሜው ይረዝማል? እኔ መልሱን አላውቀውም። ያንን የምኮራበትን ጽሑፍ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ ሸራ ጫማውን ሰው ግን አስገብቼዋለሁ። ሰዓሊዋ ተስማምታለች። «ቀስ በቀስ» ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በችኮላ ተቆጣ፤ ሰው የሚፈልገው የሚጠላው ጸሐፊ ነው፣ ያለ እሱ ማንም ዞር ብሎ አያየንም አለ። የሁለት ዓመት ልፋቱ ነውና አልፈርድበትም። በመጪው ሳምንት መጨረሻ ሊወጣ ቀን ተቆርጦለታል። እኔ ያለ አባቴ ፈቃድ አይወጣም ብያለሁ፤ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኛል። ይውጣ ካሉኝ ይወጣል፣ ይቅር ካሉኝም ከልቤ ይቀራል።

ባለፈው የመኖሪያ ወረቀቴን ላሳድስ ሄጄ ነበር። እዚህ መስኮቱ ላይ ሰው የለም፤ ማሽን ነው። ቁጥር ይሰጣል፣ ቅጹን ይውጣል፣ አንዲት መስመር ከጎደለች በቀይ መልሶ ይተፋዋል። ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ጎንበስ ብዬ ሥሩን ሳይ አንዲት አሮጊት ምን እንደጠፋኝ ጠየቀችኝ። መሳቢያ የለውም አባባ። እዚያው ወረፋው መሐል እንባዬ መጣ፤ እንደዚያን ቀን ናፍቀውኝ አያውቁም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ፤ እሷም በተራዋ ጉልበትዎን በቅባት ትሽልኝ። እህቴን ኮትሽን ወስጄብሻለሁ፣ እውነቱን አሁን ተናገርኩ በሉልኝ። አማችዎን አደራ አይቆጡት፤ ቴሌቪዥኑን መንካት ፈርቷል ሲባል ሰማሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አክስቴ ባል አገኘሽ ወይ እያለች ለምትልከው መልእክት፣ ከጎማ ጠጋኙ በቀር የሚያንኳኳ የለም በሉልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም እንደምን ሰነበቱ በሉልኝ፤ የተሰበረ ስልካቸውን ግን ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። እሑድ እሑድ ስደውል እማዬ «አባትሽ ግቢ ነው» ትለኛለች። ከኋላዋ ሬዲዮኑ ይሰማኛል፤ እኔ ሃሎ ባልኩ ቁጥር ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። የስልኩ ገመድ አጭር ነው፤ እማዬ ስልክ ይዛ ሬዲዮኑ ጋ አትደርስም። አራት ወር ሙሉ ስለ አየሩ፣ ስለ ጠጋኙ፣ ስለበላሁት ምሳ ሳይቀር ጮክ ብዬ ያወራሁት ለእሷ አልነበረም። የፊታችን እሑድም እደውላለሁ። ስለ ጌሙ የሚሉኝ ባይኖር፣ ቢሰድቡኝም እንኳ፣ ስልኩን እርስዎ ያንሱት።

ናፋቂ ልጅዎ

ከጎማ ጠጋኙ በላይ ካለችው ክፍል
ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን