ከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ ካለችው ልብስ ሰፊ፣ ለጋራ ክፍያ ኮድ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት

ተስተካክሏል። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ደንበኛዬ የቀሚሷን ዚፕ አስቀይራ፣ ስልኳን አውጥታ ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን ስታደርግ «ልክክ ልብስ ስፌት» የሚል ስም ወጣ። ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አነበብኩት። ሴትየዋ እስክመልስላት ድረስ በትዕግሥት ጠበቀችኝ፤ እግዜር ይስጣት።

ይህን ሳልተነፍስ ሰላምታ ማቅረብ ስላቃተኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አሁን ወደ ወጉ ልመለስ።

ለተከበሩ የጋራ ክፍያ ኮድ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ ደህና ናቸው? ሠራተኞችዎስ? በተለይ መስኮት አራት እንዴት ሆነ? በተመላለስኩባቸው ሰባት ወራት አንድም ቀን ተከፍቶ ስላላየሁት፣ ሕመሙ ጸንቶበት እንደሆነ ብዬ ከልቤ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ጉልበቴም ጠንክሯል።

እኔን አያውቁኝም። ማመልከቻዬን አራት ጊዜ ያስገባሁ ተራ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሰፋ አጠባለሁ፣ የጠበበውንም ባለቤቱን ሳላሳፍር አሰፋለሁ። የምሠራባት ክፍል ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው ሲመጣ አንዱ የሚወጣባት ናት። ከስሱ የእንጨት ግድግዳ ወዲያ ያለው ዘውድ የሴቶች ጸጉር ቤት ነው፤ ባለቤቷም የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ ናት። መቀስ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷ መቀሱን ይዛ ወደ ጸጉር ሄደች፤ እኔ ከጨርቁ ጋር ቀረሁ።

ለመንግሥት ሰው አልዋሽም፤ እቀናባታለሁ። ወንበሮቿ ይሽከረከራሉ፣ የኔ በርጩማዎች አይሽከረከሩም። መስታወቷ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፣ የኔ እስከ ጉልበት ብቻ ያሳያል። እናታችን ልትጠይቀን ስትመጣ በኔ በር አልፋ እዚያ ወንበር ላይ ነው የምትሰየመው፤ ለወገቤ ይመቸኛል ትላለች። ይህን ሁሉ ችዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያልቻልኩት የእርስዎ ጽሕፈት ቤት የጨመረልኝን ነውና፣ እሱን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። እህቴ ኮዱን ባመለከተች በሦስተኛው ቀን አገኘች፤ እኔ በአምስተኛው ወር። ልዩነቱን ሳስበው ምናልባት ወረቀቶች እንደ ሰው ፊት እያዩ ይሄዱ ይሆናል። ስለ ኮዱ ብልሃት ግን ምስጋናዬ የእውነት ነው። ድሮ ደንበኛ ባንክ በቀየረ ቁጥር ግድግዳው ላይ ሌላ ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ አሁን አንዲቱ ኮድ ለሁሉም ባንክ ትሆናለች። ይህች ተአምር ግን ለአምስት ወር ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ብቻ ነበረች፤ ክፍያ በገባ ቁጥር ከምትናገር ሳጥን ጋር። ጠዋት ሱቄን ስከፍት «ዘውድ የሴቶች ጸጉር ቤት፣ ክፍያ ደርሷል» ትላለች። ክር ከመርፌ ሳስገባ ትላለች። ላለመስማት የስፌት መኪናዬን በኃይል ብረግጥ ክር ጨረስኩ እንጂ አልሆነልኝም።

ይባስ ብሎ የኔ ደንበኞች ኮድ እንደሌለኝ ሲያዩ እህቴ ጋ ገብተው በእሷ ኮድ መክፈል ጀመሩ። እሷም በቅንነት ገንዘቡን በእጄ ትሰጠኛለች፤ ሳጥኗ ግን የኔን ስፌት በራሷ ስም ለሰፈሩ ታውጃለች። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ሱሪውን አሳጥሮ እንዲሁ ከፍሎ ሄደ። በማግስቱ ሚስቱ የባሏን ስልክ ይዛ መጣች። የሴቶች ጸጉር ቤት ምን ሊሠራ ገባ፣ ለማንስ ነው የከፈለው ብላ በሬ ላይ ቆመች። ሰውየው ራሱ ላይ አንድ ፍሬ ጸጉር የሌለው በመሆኑ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልነበረም። የቁርጥራጭ ጆንያዬን ዘርግፌ፣ ከሱሪው የተቆረጠውን ጨርቅ ፈልጌ፣ ሱሪውን ከቤቷ አስመጥቼ፣ ሁለቱን አስተያይቼ አሳየኋት። ትዳሩ በአራት ጣት ጨርቅ ዳነ። ይህን የመሰለ አገልግሎት በጽሕፈት ቤትዎ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ እንዲካተት በትሕትና አሳስባለሁ።

ሁለተኛ። በአምስተኛው ወር ተራዬ ደረሰና መስኮት ሁለት ፊት ቆምኩ። የተከበሩት ሠራተኛዎ ፎርሙን እየሞሉ የሱቁ ስም ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ልማዴ አስረዝሜ፣ አሥራ አራት ዓመት ስም ኖሮት እንደማያውቅ፣ ቤቱ በኔ እጅ ሥራ እንደሚታወቅ፣ ሰው ግን ሲጠቋቆም «ከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ» እንደሚል ነገርኳቸው። ሠራተኛዎ ከዚያ ሁሉ ንግግሬ ሦስቷን ቃል መርጠው በስም ቦታ ጻፏት። ጥፋቱ ግማሹ ያንቺ ነው የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ ግማሹን እወስዳለሁ። ሌላውን ግማሽ ማኅተም ያደረገበት ሰው ይውሰድ።

ውጤቱን ላስረዳዎት። ደንበኛ ስካን ሲያደርግ ስልኩ «ለከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ መክፈል ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አንዱ ይስቃል። ሌላው ከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ ያለው ማን ነው ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል፤ ልኬቱን ወስጄ፣ እጅጌውን ሰፍቼ፣ ፊቱ ቆሜ ማለት ነው። ለኔም የተሰጠችኝ ሳጥን ድምጿ ሳይቀር ከእህቴ ሳጥን ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ፣ ክፍያ ደርሷል» ስትል ከግድግዳው ወዲያ የጸጉር ማድረቂያው ድምፅ ቀጥ አለ። ከዚያ ሳቅ ሆነ። ከእህቴ ደንበኞች አንዷ፣ እንግዲህ ሳጥኗም አንቺን ነው የምታስተዋውቀው ስትላት ሰምቻለሁ። እውነቷን ነበር። ሱሪ ያሳጠርኩለት ሰው ሁሉ የእህቴን ማስታወቂያ በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር። ለሷ የሦስት ቀን ጉዳይ ያልበቃት ይመስል፣ የኔንም አምስት ወር ጨመራችሁላት።

ሦስተኛ። ስሙን «ልክክ ልብስ ስፌት» ወደሚል ላስለውጥ ስመጣ የተነገረኝ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በስሙ ውስጥ የሌላ ንግድ ቤት ስለተጠቀሰ፣ ስሙ እንዲለወጥ የዚያ ንግድ ቤት ባለቤት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ከእህቴ ጥላ ለመውጣት እህቴን እንዳስፈቅድ አዘዛችሁኝ። አመሰግናለሁ። ኩራት እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ቀን ስትነጥቁኝ ነው።

ወረቀቱን ወስጄ ጸጉር ማጠቢያው ላይ አስቀመጥኩላት። እጇ ሳሙና ነበር፤ እሺ እታለም፣ አየዋለሁ አለችኝ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አሥራ አንድ ሆነ። ከግድግዳው ወዲያ እሷና እናታችን ሲስቁ እሰማለሁ። ልመናዬን እያነበበች ታስቃታለች ብዬ ደመደምኩ። የእንፋሎት ካውያዬን ልትዋስ ስትልክ ተበላሽቷል አልኩ፤ አልተበላሸም ነበር። አሥራ አንድ ቀን አልተነጋገርንም። በመካከላችን የሚነጋገሩት ሳጥኖቹ ብቻ ነበሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የታሸገ ፖስታ በበሬ ሥር አስገባችልኝ። እምቢታዋ ነው ብዬ፣ ሳልከፍት ወስጄ ለመስኮት ሁለት አቀበልኩ፤ ቢያንስ ውርደቴን መንግሥት ቀድሞኝ ይስማው ብዬ ነው። ሠራተኛዎ ከፈቱት፤ እንደ ልማዳቸውም ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው አነበቡት። እህቴ የጻፈችው ይህን ነበር፦ ስፌት ቤቱ ከጸጉር ቤቱ ስድስት ዓመት ይቀድማል፤ ጸጉር ቤቱ ሲከፈት ማንም አያውቀውም ነበርና ሰው ያገኘው በስፌት ቤቱ ምልክትነት ነው፤ ለዚህም ማስረጃ አያይዣለሁ። ማስረጃው ሱቋን የከፈተች ሰሞን የታደለ፣ ጠርዙ የተበላ ማስታወቂያ ነው። «ዘውድ የሴቶች ጸጉር ቤት። አድራሻ፦ ከስፌት ቤቱ አጠገብ» ይላል። በኋላ እንደሰማሁት፣ አሥራ አንድ ቀን እናታችን ቤቷ ባሉት የድሮ ዕቃ ሣጥኖች ውስጥ ስትፈልገው ኖሯል፤ ሳቁም እዚያ አግኝታ ባመጣቻቸው በድሮ ፎቶዎቻችን ነበር። ያን ማስታወቂያ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ለአላፊ አግዳሚው ያደልኩት እኔ ነበርኩ። ረስቼው ነበር።

መስኮቱ ፊት ዓይኔ እንባ ሞላ ብዬ ብጽፍልዎ ያምርብኝ ነበር። እውነቱ ግን ሠራተኛዎ ደብዳቤውን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ እንዴት ያለ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነው አሉ። አራት ማመልከቻ በእጄ ጽፌ ሳስገባ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላሉኝም። ማኅተሙንም በአምስት ደቂቃ መቱት፤ ለሷ ሲሆን እንዲያ ነው። እንባውም ቅናቱም አንድ ላይ መጣብኝ፤ የትኛው እንደቀደመ እስካሁን አልለየሁም። ከዚያ ቀጥታ ጸጉር ቤቱ ሄጄ ካውያውን ሰጠኋት። ተሠራ እንዴ አለችኝ። ተሠራ አልኳት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደስ ስላለኝ ተውኩት።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ለአሥራ አራት ዓመት ስም ሳያስፈልጋት የኖረችን ቤት ስም እንድትመኝ ስላደረጋችሁ፣ ለሰባት ወር ታናሼን ይበልጥ እንድቀናባት ስለረዳችሁ፣ ባላሰባችሁትም መንገድ ከሷ ጋር ስላስታረቃችሁኝ፣ ምስጋናዬ ከቅሬታዬ ባይበልጥም ተስተካክሎ ይድረስልኝ። ወንበርዎ ይጽና፤ ቢቻል የሚሽከረከር ያድርግልዎ።

ወረቀታችሁን በአክብሮት፣ ሰልፋችሁን በእግሯ የምታውቀው፣
የልክክ ልብስ ስፌት ባለቤት፣ ሠራተኛና ጠራጊ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ለስሜ መውጣት ትንሽ ድግስ አለኝ፤ እርስዎም፣ አራቱም መስኮቶች፣ አስተማሪውና ሚስቱ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ተጠርቷል። ለእናቴ አንድ የሚሽከረከር ወንበር ከእህቴ ተውሼአለሁ፤ የዚያን ቀን እኔ ጋ ነው የምትቀመጠው። የመስኮት ሁለት ሠራተኛዎን ስም ስለማላውቅ ጥሪ ወረቀታቸው ላይ «ከመስኮት አንድ ቀጥሎ» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፤ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ። ቤቱ እንዳይጠፋችሁ፤ የበሩ ጽሑፍ ገና ቀለሙ አልደረቀምና ለጊዜው የምታገኙት ከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ ነው። ማንም እንዳይቀር። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።