የእህትሽ መርዶ

ለባለቤቴ ለሸዋረገድ፤

ሸዋዬ፣ ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፣ መልስ አይመጣልኝም። እኔ አለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌላው ደህና ነው። ልጃችን ብሌን፣ አንተ እየነገርከኝ እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። ባል ለሚስቱ የሚጽፈውን ልጅ አይጽፈውም ብዬ እምቢ አልኳት። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ለዚህ አያንስም። የጎደለውን እንደ ድሮው ሞልተሽ አንብቢው።

ቤታችን ያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያው አራተኛ ፎቅ ነው። ብሌን ጀርመንታውን ቤት ገዝታ ከእኛ ጋር ኑር ብትለኝ አልሄድኩም። አልጋሽን በዲቪ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጠነው። አሌክሳንድሪያ ያለው ፓርኪንግ፣ ያ ከመሬት በታች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩበት፣ አሁን ሰው የለበትም። በእኔ ቦታ ማሽን ተከሉበት። እሱ መቼም ሚስቴ ታመመች ብሎ ፈቃድ አይጠይቃቸውም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ግንቦት ሮም ሄጄ ነበር።

አዎ፣ እኔ። እህትሽ ጥሩወርቅ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ከዚያ እየደወለች ታወራልሽ የነበረውን ቤተ መንግሥት አይቼው መጣሁ። አንድ የጥንት ንጉሥ ጣሪያውን በወርቅ አስለብጦ የሠራው፣ እሱ ሲሞት የተከተሉት ነገሥታት ጠልተውት አፈር ሞልተው የቀበሩት። ላዩ መናፈሻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሥሩ ቤት አለ ትልሽ ነበር። አብረን እናየዋለን እየተባባላችሁ ስትስቁ፣ እኔ ከሶፋው ላይ ሆኜ ጉድጓድ ለማየት ባሕር ልሻገር ወይ፣ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም ወይ የምውለው እላችሁ ነበር። ለከርሞ፣ ለከርሞ እንዳልኩ አንቺ ታመምሽ።

አሁን የምነግርሽን እስከ ግንቦት ድረስ ሳታውቂው የሞትሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ በተኛሽ በሦስተኛው ወር ጥሩወርቅ ሮም ውስጥ በድንገት አረፈች። ልብ ነው አሉ። ልጇ ሮዛ ሥራ ቦታ ደውላ ነገረችኝ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ አይነገራትም ብዬ ቆረጥኩ። ብሌን እናቴ የማወቅ መብት አላት ብላ ግማሹን በእንግሊዝኛ ተከራከረችኝ። የማኅበራችን ሽማግሌዎች ግን ከእኔ ጋር ነበሩ። አልጋ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ትንሽ ሲሻላት ማለዳ ተሰብስበን በወጉ እናረዳታለን አሉ።

አልተሻለሽም። እኔም ለየእሑዱ አንድ ውሸት ማዘጋጀት ያዝኩ። ስልኳ ተበላሽቷል። አሠሪዎቿ ባሕር ዳርቻ ይዘዋት ሄደዋል። መኖሪያ ፈቃዷን እያሳደሰች ነው። በኋላ መጠየቅ ተውሽ። አንድ ቀን እኔው ስሟን ሳነሳ፣ ተዋት እቴ፣ ረስታኛለች ብለሽ ወደ ግድግዳው ዞርሽ። እኔ ሞኙ ውሸቴ ያዘልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ስትሞቺ ነው የከበደኝ። አፈር ውስጥ በተኛች እህትሽ እንደተቀየምሽ ቀበርኩሽ ብዬ ሦስት ዓመት እህል አልጣመኝም።

ሮም የሄድኩት ለዚህ ነው፣ ሮዛን ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቃት። እሷ ግን መጀመሪያ እማዬ ለአክስቴ ቃል የገባችላትን ቦታ ካላየህ አለችኝ።

በሩ ላይ ቢጫ የግንበኛ ቆብ አደረጉልኝ፣ ለቀን ሥራ የተቀጠርኩ መሰልኩ። ስንወርድ በግንቦት ካፖርት የሚያስመኝ ብርድ ነው። ውኃ ያንጠባጥባል። የላይኛው መናፈሻ ዛፎች ሥር ጣሪያውን በስቶ ተንጠልጥሏል። አንዳንዱ ክፍል ዛሬም እስከ አናቱ አፈር ነው። ወርቁስ የት ገባ ብዬ በሮዛ ባስጠይቅ፣ አስጎብኚዋ ልጅ ሳይቀብሩት በፊት ልጠው ወሰዱት አለች። የቀረው ግድግዳው ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ ወፎችና ያረጁ ፊቶች ናቸው። የእኔ ፓርኪንግ ቢያንስ ደረቅ ነበር።

ጣሪያው መሃል ቀዳዳ ያለበት ሰፊ ክፍል ስንደርስ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሌሎቹ አለፉ፣ እኔና ሮዛ ቀረን። ብርሃን ከላይ በቀዳዳው ይገባል። እዚያ ነገርኳት። አክስትሽ እናትሽን እንደተቀየመች ሞተች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለእናትሽ ስትዪ ማሪኝ አልኳት። ሮዛ ቆቧን አወለቀች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «አክስቴ ታውቅ ነበር።»

አንድ ሰኞ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ደውለሽላታል። እህቴ በጤናዋ እሑዴን አትዘልም፣ እውነቱን ንገሪኝ ብለሻታል። ነገረችሽ። ማን አጠባት፣ ምን አልብሳችሁ ቀበራችኋት ብለሽ ጠየቅሽ። ከዚያ ያልሽውን ሮዛ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ግድ አልኳት።

«የደበቀኝ ይምሰለው። ሌላ የሚያደርግልኝ ነገር የለውም።»

ሸዋዬ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ተናደድኩብሽ። ተነስቼ በማይገባበት መተላለፊያ ገባሁ። አስጎብኚዋ እንደ ሕፃን ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ሮዛን እስከ ማግስቱ አላናገርኳትም። ያን ሁሉ እሑድ ስዋሽ ፊቴን እያየሽ ነበር ማለት ነው። ረስታኛለች ያልሽው ለእኔ ነበር፣ ውሸቴን ልታግዢልኝ።

ብዙ ነገር አሁን ይገባኛል። ያን ሰሞን ጥቁር ቀሚሴን አውጡልኝ አልሽ፣ ሆስፒታሉ ይበርዳል ብለሽ። ሻወር ከፍተሽ አንድ ሰዓት ትቆዪ ነበር። እኔ በሩን እየደበደብኩ ውኃው አለቀ እኮ፣ ምን ትሠሪያለሽ እልሽ ነበር። ምን ትሠሪ እንደነበር አሁን አወቅሁ። በእኛ አገር የተጣላ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ሲሆን መጥቶ ይቀመጣል። አንቺ እህትሽን ብቻሽን ቆመሽ አለቀስሻት፣ ባልሽ ከበሩ ወዲያ እየጮኸብሽ።

ስመለስ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አነጠፍኩና ለማኅበሩ ደወልኩ። ብሌን ከሥራ ቀርታ መጣች፣ አባባ አርጅተሃል ሳትል አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው መጣ። ማን ሞተ አሉኝ፣ የሚስቴ እህት አልኳቸው። መቼ? የዛሬ አራት ዓመት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያ ቀልደኛው የፎልስ ቸርች ሰውዬ፣ መርዶው ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ያዘው እንዴ አለና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የሻወሩን ጭምር። ቀልደኛው ጫማውን አውልቆ ፍራሹ ላይ ከጎኔ ቁጭ አለ። ደብቅ ካሉኝ አንዱ እሱ ነበር። ሦስት ቀን ተቀመጥን።

ይቅር ብዬሻለሁ አልልም፣ ገና አልበረደልኝም። አንቺም ይቅር በዪኝ ብዬ አላስቸግርሽም። የምገባልሽ ቃል ግን አለ። የጥሩወርቅን የክርስትና ስም ከሮዛ ጠይቄ ተቀብያለሁ፣ ወለተ ሚካኤል ነች። በሙት ዓመትሽ ቀን ስማችሁን ወረቀት ላይ ጽፌ ለቄሱ እሰጣለሁ፣ በራሴ እጅ። መጀመሪያ ወለተ ሚካኤል፣ ቀጥሎ አንቺ፣ ወለተ ማርያም። ቄሱ ለምን ሚስትህን አላስቀደምክም ቢሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እነግራቸዋለሁ፦ እህቷ ቀድማ ሞታለች፣ እሷም አልቅሳላታለች።

ባልሽ