የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? ዓይኔ ደከመ ብለሽኝ ስለነበር ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ ነው የጻፍኩልሽ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምሽው ይበቃሻልና እባክሽ ለጎረቤት አታስነብቢው፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር፣ ወሬው ሲከብድሽ ኔትዎርክ ተቆራረጠ ብለሽ እንደምትዘጊብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እኛ በጤና አለን። ልጅቷ አድጋለች፤ እኔን በአማርኛ ታኮርፈኛለች፣ ከጓደኞቿ ጋር በስዋሂሊ ትስቃለች። ስሟን እዚህ አስተካክሎ የሚጠራላት የለም። ሰፈሩ ሚሚ ይላታል፣ እኔም ማማ ሚሚ ሆኜ ቀርቻለሁ። አቻምየለሽ ብለሽ የምትጠሪያት አንቺ ብቻ ነሽ። ያንን ስም ስታወጪላት ፍቅር መስሎኝ ነበር።

የላክሽው ጸበል ደርሷል። ድንበሩ ላይ የኬንያው ፖሊስ ጀሪካኑን ከፍቶ አሸተተና አረቄ ነው ብሎ ፀሐይ ላይ ገተረኝ። የቤተ ክርስቲያን ውሃ ነው፣ ልጅ እንድወልድ እናቴ የላከችልኝ ነው ብዬ በዚያ በተሰባበረው ስዋሂሊዬ አስረዳሁት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ‘ፖሌ ማማ’ እያለ አዝኖልኝ አሳለፈኝ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሆድ ሆዴን ያየኝ ነበር። እሱንም ጠጣሁት። ጥቁር አዝሙዱን በማር በባዶ ሆዴ ልሼ ጨርሻለሁ። ቡቲዬ ሰፈር ያለችው ሀቢባ፣ ሆድ በማሸት የታወቀችው፣ ማህፀንሽ ዞሯል ብላ እስካነክስ ድረስ አሽታኛለች።

ባልሽን አስመርምሪው፣ የወንድም አለበት ያልሽኝም አንቺ ነሽ። ታፈሰ እንዴት ያለ ኩሩ ሰው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እኔ ስለለመንኩት ሄደ፤ ሆቴላችን ምሳ ለሚበላ ነርስ ዘሩን በብልቃጥ አስረከበ። ምንም የለበትም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ነርሱ ሊበላ ሲገባ ታፈሰ ወደ ጓዳ ይሄዳል።

የታፈሰ እናት እትዬ ቆንጂት ደግሞ ከሚኖሩበት ከኦዳ በሞተር እየመጡ ካሸሩ ወንበር ላይ ይቀመጡልኛል። ለገባው እንግዳ ሁሉ ይህ ሆቴል ወራሽ የለውም ይላሉ። ልጄ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

በመጨረሻ ይበቃል ያለችኝ ጎረቤቴ ሻምሳ ናት፤ ያቺ ልብስ ነጋዴዋ። ለታፈሰ ዕቃ ልናመጣ ነው ብለነው ናይሮቢ ወሰደችኝ። ቀለም ጨምረው ራጅ አነሱኝ፣ እሱ አላጠግብ ሲላቸው በእምብርቴ በኩል ካሜራ ሰደው አዩኝ። ሐኪሙ ለሻምሳ በስዋሂሊ ነገራት። እሷ መልሳ ጠየቀችው፣ ደግማ ጠየቀችው። ምን አለ ስላት ቆይ አለችኝ። ኋላ እጄን ይዛ ነገረችኝ። በሽታ አይደለም፣ ሁለቱንም ቱቦ ሰው ነው የቋጠረው፣ ልጅሽን በኦፕራሲዮን ስትወልጂ ነው የተደረገው ይላል። አንቺ ራስሽን ስተሽ ከነበር ከቤተሰብ የፈቀደ ሰው አለ፣ ማን ነበር አብሮሽ ይላል።

እናቴ ነበረች አልኩት።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው ብለሽ፣ እዚህ ሞያሌ ድረስ መጥተሽ ታፈሰን ያግባባሽው አንቺ ነሽ። እሱ፣ በቅርብ ሶሎሎ ሆስፒታል አለ፣ እዚሁ ትውለድ እያለ ነበር። ወግ ነውና እሺ አለ። ስለዚህ ምጡ ሲጠናብኝ፣ ደም አልቆም ሲለኝ፣ ሆዴን ሲከፍቱኝ፣ ከደጅ የቆምሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ስነቃ እጄን ይዘሽ ነበር፤ ፊቴን ግን አላየሽም። ድካም ነው ብዬ አዘንኩልሽ። አራስ ቤት ሳለሁ ገንፎውን እያጎረስሽኝ፣ ወገቤን እያሰርሽልኝ ስንት ጊዜ ብቻችንን ሆነናል፤ ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ለምን እንዳደረግሽው አልጠፋኝም። እህቴን ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ሞታብሽ ቀብረሻታል። ሐኪሞቹ ይቺም ዳግመኛ ካረገዘች አትተርፍም ካሉሽ ምን ልትይ ኖሯል? ለልጄ እንዲያ ቢሉኝ እኔም እሺ እል ይሆናል። በእሱ አልፈርድብሽም። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጠጪ፣ ላሺ፣ ስገጂ ስትይኝ የኖርሽው! ደሜ በመጣ ቁጥር ደውዬ ሳለቅስልሽ ጸሎትሽ ጎድሎ ይሆናል ያልሽኝ! እሺ እኔስ ልጅሽ ነኝ፤ ያ ሰው ብልቃጥ ይዞ ሲሄድ እንኳ፣ ተይው፣ አታዋርጂው ማለት አቃተሽ? ተናደድሽብኝ እንዴ እንዳትይኝ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። እናቴ፣ አሞኘሽኝ።

ከናይሮቢ ባዶ እጃችንን ስንመለስ ታፈሰ ነገሩ ገባው። ሐኪም ዘንድ ነበርሽ አይደል፣ ምን አሉሽ አለኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ታፈሰ ቂም ሲይዝ አይለቅም፤ ልጅቷን ለክረምት አንቺ ጋ መላክ ይቀራል፣ ስምሽም በዚህ ቤት አይነሳም። አንቺ ደግሞ ከእሷ ሌላ ምን ቀረሽ? ማህፀኔ በራሱ ጊዜ ነው የተዘጋው፣ የማንም ጥፋት አይደለም አሉኝ አልኩት። ብዙ አለቀሰ። ኋላ ማልቀሱንም ተወው።

አሁን ሸሚዞቹን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ወደ ኦዳ፣ ወደ እናቱ ቤት ይወስዳል። እዚያ ውሃ አለ፣ ለማጠብ ይመቻል ይለኛል። እትዬ ቆንጂትም ሰሞኑን ለስላሳ ሆነዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ‘ልጄ’ ይሉኛል፤ በሕይወታቸው ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ታፈሰ አንቺን ያከብርሻል፤ አንቺን ሳያናግር የሚያደርገው ነገር የለም። ሰሞኑን ይደውልልሻል። የእግዜር ሥራ ነው ልጄ፣ ምን ይደረጋል በይው። አታልቅሺበት፣ ሌላም አትጨምሪ። ዝም ማለቱን ታውቂበታለሽ።

እመቤቴ ማርያም ዕድሜሽን ታርዝመው፣ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ የልጅ ልጅሽንም ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ። ለክረምት እልክልሻለሁ፤ እኔ ግን ዘንድሮ አልመጣም።

ያተረፍሽኝ ልጅሽ