አምሐ አዘዘ፦ ከጎልፍ ሜዳ እስከ ጣና ዳር ማይክራፎን

አቶ አምሐ አዘዘ ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ ቢያዝንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አስማማው ኅዳር 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ተወለዱ። በሚካኤል ዕለት ስለ ተወለዱ የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ተባለ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ ከእሳቸው ቀጥለን አራት ተወልደናል፤ የመጨረሻው ይህን ጽፌ በፊታችሁ የማነበው እኔ አካሉ አዘዘ ነኝ።

አቶ አምሐ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በደሴቷ ቤተ ክርስቲያን ነው። የኔታ ለአባታችን፣ «ድምፁ ለቅዳሴ በሆነ ነበር፤ ልቡ ግን ከሜዳ አይመለስም» ይሏቸው እንደ ነበር እናታችን ታወራ ነበር። ልባቸው የነበረው ገና ጨዋታ ላይ ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ከሜዳው አሻግረው ሐይቅ ውስጥ ስለ ከተቷት የዚያን ዓመት ጨዋታ ሳይጠናቀቅ ተበተነ። አባታችንም እስከ ሁዳዴ መያዣ ድረስ ይህን እያነሡ ሲቆጧቸው ከረሙ።

በ1942 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው ከእናታችን ወንድም ዘንድ ተቀመጡ። አጎታችን በአንድ የጎልፍ ሜዳ ዘበኛ ስለ ነበሩ አቶ አምሐም በዚያው በሣር አጫጅነት ተቀጠሩ። ቀን ሣር እያጨዱ ማታ እየተማሩ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሱ። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለአባላት ዝግ ስለ ነበር ሠራተኞች እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ነበር። እሳቸውም ተሰብሮ የተጣለ የጎልፍ ዱላ ብረት አንሥተው በወይራ እጀታ ገጠሙለትና በዚያ መምታት ጀመሩ። ከዕለታት አንድ ቀን የሜዳው አሠልጣኝ የነበሩ ሽማግሌ ፈረንጅ ሲመቱ አይተዋቸው፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ገና» አሉ አቶ አምሐ።

ፈረንጁ ገና የሰው ስም መስሏቸው፣ «አንድ ቀን ይዘኸው ና፤ ላገኘው እፈልጋለሁ» አሉ። ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ሁለት ሳምንት እንደ ፈጀ ወንድሜ እየሳቁ ይናገሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰውዬው ከአጠገባቸው አላራቋቸውም። አቶ አምሐ በ1949 ዓ.ም. ረዳት አሠልጣኝ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ጎልፍን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ተጫዋችና አሠልጣኝ ሆኑ።

በ1954 ዓ.ም. የዛሬዋን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ለማግባት ሽማግሌ ላኩ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ያን ጊዜ መምህርት ነበሩ። አባታቸውም ሽማግሌዎቹን ካስቀመጡ በኋላ፣ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሱም መምህር ነው።»

«ምን ያስተምራል?»

«ኳስ መምታት።»

«ለሕፃናት?»

«የለም፤ ለትልልቅ ሰዎች ነው።»

አባትም፣ «እስከ ዛሬ አልቻሉትም ማለት ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው እሺ ተባሉ። ከዚህ ጋብቻ በ1956 እናትዓለም፣ በ1959 አስማማው፣ በ1962 ሙሉነሽ ተወለዱ። ሙሉነሽን በሁለት ዓመቷ በኩፍኝ አጥተዋታል። አቶ አምሐ ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገሩም ነበር፤ በየዓመቱ በዕለቷ ግን ጸሎት ያስደርጉላት ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በተደረገ ውድድር ከስድሳ አራት ተጫዋቾች ጋር አራት ቀን ተጫውተው ዘጠነኛ ወጡ። ዋንጫ ያመጡልናል ብለን ስንጠብቅ ለእናታችን የዝናብ ካፖርት ይዘውላት መጡ። ያ ካፖርት ክረምት በመጣ ቁጥር ከቤት ቤት በውሰት እየዞረ ደቅን ሁሉ አዳርሷል።

በ1967 ዓ.ም. ዘመኑ ተለወጠ። የሜዳው አባላት ከፊሉ አገር ለቀቁ፣ ከፊሉም የጎልፍ ዱላ ይዞ መታየት አልፈለገም፤ አሠልጣኝ የሚፈልግ ሰው ጠፋ። ወንድሜ ያን ጊዜ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ሌላ ሙያም አልነበራቸውም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ «አዘንህ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ሣር ባሕር ዳርም አለ» ብለው መለሱላቸው። በ1968 ዓ.ም. ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወሩ ቤተሰቡ አብሮ መጣ፤ አቶ አምሐም በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስፖርትና የመዝናኛ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. በየቤቱ ፍተሻ ሲደረግ ከአልጋቸው ሥር አሥራ አንድ ብረት ያለበት ረጅም የቆዳ ቦርሳ ተገኘ። ፈታሾቹም ቦርሳውንና ባለቤቱን ይዘው ወደ ቀበሌ ሄዱ። ጊዜው እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የሚታለፍበት ስላልነበረ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሁለቱን ልጆች እጅ ለእጅ ይዘው ከኋላ ተከተሉ። እኔም ያን ዕለት ከደቅ ስንቅ ይዤ መጥቼ ስለ ነበር አብሬያቸው ነበርሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ብረቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኳስ መምቻ ነው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ኳስ በእግር አይደለም እንዴ የሚመታ?»

«ይህችኛዋ ትንሽ ናት፤ ለእግር አትበቃም» አሉና አንዷን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩ።

ሊቀ መንበሩ አላመኑም። ስለዚህ ከቀበሌው ጥበቃዎችና ከተሰበሰበው ሰው ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ወንድሜ ኳሷን ሣሩ ላይ አኖሩ፣ ነፋሱን አዩ፣ መቱ። ድምፁ ተሰማ እንጂ ኳሷን ማንም አላያትም። ጥበቃዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቶ አምሐም ተማሪ ሲያስለምዱ በኖሩበት አነጋገር፣ ሳይቸኩሉ፣ «ሰማይ ላይ ናት፤ ከዋርካው አናት በስተግራ ተመልከቱ። አሁን ነፋሱ ወደ ቀኝ እየገፋት ነው። ዝቅ አለች። ከዚያች ብቻዋን ከቆመችው ታንኳ ወዲህ ትወድቃለች» አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከታንኳዋ ወዲህ ውኃው ብልጭ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ባንድነት፣ «እህ» አለ።

ሊቀ መንበሩም፣ «ሌላ ኳስ አለዎት?» አሉ።

ስድስት ኳስ መቱ። ስድስቱንም ሰው ያየው በወንድሜ አፍ ነው። ብረቶቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ «የስፖርት ዕቃ» የሚል ወረቀት ተያይዞባቸው ተመለሱ፤ ያን ወረቀት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እስከ ዛሬ አስቀምጠውታል። ሊቀ መንበሩም በሚቀጥለው ወር ቤት ድረስ መጥተው፣ «ያችን የማትታይ ኳስ ካሳዩን፣ ትልቋንማ እንዴት አያሳዩንም?» አሏቸው። ሚያዝያ 23 ቀን በላብ አደሮች በዓል በተደረገው የእግር ኳስ ግጥሚያ አቶ አምሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክራፎን ያዙ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የባሕር ዳር ሜዳ ድምፅ እሳቸው ሆኑ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአካባቢውን ውድድሮች ለሬዲዮ ይዘግቡ ነበር። ዘገባው በስልክ ስለ ነበርና መስመሩም ስለሚደክም እሑድ ማታ በስልክ ቤቱ ውስጥ እየጮኹ ነበር የሚናገሩት። ስለዚህ ውጤቱን አገር ከመስማቱ በፊት ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ስልክ የሚደውልለት ሰው ሳይኖረው ለዚህ ብቻ የሚመጣ ብዙ ነበር። በ1970 ከዓባይ መውጫ አጠገብ ባለ የግጦሽ መሬት ላይ ሦስት ጉድጓድ ቆፍረው ለፋብሪካው ሠራተኞች ጎልፍ ማስተማር ጀመሩ። ሣሩን ከብትና ጉማሬ ስለሚግጡት አጫጅ አላስፈለጋቸውም። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በሐይቁ ዳር ታንኳ እየሠሩ የሚኖሩት አቶ ዳውድ ናቸው። ጎልፉ እምብዛም አልተያዘላቸውም፤ ሁለቱ ግን ከዚያ በኋላ ሳይለያዩ ኖሩ።

መስከረም 2 ቀን 1975 ዓ.ም. በአብዮት በዓል ዕለት በጣና ላይ የታንኳ ውድድር ተደርጎ፣ አቶ አምሐ በሐይቁ ዳር ከተሠራ መድረክ ላይ ሆነው በድምፅ ማጉያ ያስተላልፉ ነበር። ሰባት የደንገል ታንኳዎች ሁለት ሁለት ቀዛፊ ይዘው በዘጠኝ ሰዓት ተነሡ፤ እስከ አንዲት ትንሽ ደሴት ደርሰው ሊመለሱ ነው። ከሰባቱ አንዷን የሚቀዝፉት አቶ ዳውድና ታናሽ ወንድማቸው ቡርሀን ነበሩ። ደሴቷን ዞረው ወዲህ ሲያቀኑ ከከተማው በስተጀርባ ጥቁር ደመና ተነሣ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር መጣ። ባንድ ጊዜ ሐይቁ ተጋረደ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ ስለሚነፍስ ታንኳዎቹን ወደ ሰፊው ሐይቅ ይገፋቸው ነበር። በመድረኩ ላይ የነበሩ እንግዶች ወደ መጠለያ ሮጡ። አቶ አምሐ የድምፅ ማጉያውን ጄኔሬተር በሸራ አስሸፍነው እዚያው ቆሙ።

«በሐይቁ ላይ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ» አሉ በድምፅ ማጉያው። «ነፋሱ ከእኛ ወደ እናንተ ነው። ፊታችሁን ከመታችሁ ወደ ቤታችሁ እየመጣችሁ ነው። ጀርባችሁን ከመታችሁ ግን አዙሩ። ድምፄ ከጠፋባችሁ አትቅዘፉ፤ እስክትሰሙኝ ጠብቁ፤ እኔ ዝም አልልም።»

ዝምም አላሉ። የቀዛፊዎቹን ስም እየጠሩ ይህንኑ ደጋግመው ሲናገሩ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ስድስቱ ታንኳዎች ተራ በተራ ዳር ደረሱ፤ የእነ አቶ ዳውድ ግን አልመጣችም። ዝናቡ ቆሞ ጉሙ ቀረ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ቀርቦ፣ «ጓድ አምሐ፣ ነዳጁም እያለቀ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የሚሰማ ያለ አይመስለኝም» አላቸው። የአቶ ዳውድ ባለቤት ወይዘሮ ሐቢባ ከመድረኩ ሥር ቆመው ነበር።

«ወንድሜ አምሐ» አሉ፣ «ዝም አይበሉብኝ።»

የሚናገሩት ቢያልቅባቸው አቶ አምሐ የናይሮቢን ውድድር መተረክ ጀመሩ። የመጨረሻውን ቀን ጨዋታ ከአንደኛው ጉድጓድ አንሥተው፣ ነፋሱን፣ ርቀቱን፣ ኳሷ የወደቀችበትን ቦታ ሁሉ ለጣና ሐይቅ አወሩለት። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ዳር የቆመው ሰው ቃሉን አላስተዋለውም፤ ሁሉም ዓይኑን ውኃው ላይ ተክሎ ነበር። አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ከጉሙ ውስጥ የቡርሀን ነጭ ሸሚዝ ታየ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

አቶ ዳውድ በሰው ተደግፈው ከታንኳዋ ሲወርዱ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። ወንድሜን እንዳዩ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባች አልኸኝ። ወጣች?» የሚል ነበር።

«ወጣች» አሉ አቶ አምሐ። ወይዘሮ ሐቢባም ነጠላቸውን አውልቀው አቶ አምሐን አለበሷቸው። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ያህል ድምፃቸው ተዘግቶ በጽሑፍ ሲነጋገሩ ሰንብተዋል።

አቶ አምሐ የቀረ ዘመናቸውን በደስታ ነው የኖሩት። የጎልፍ ሜዳውን ሲያስታውሱ የቀረባቸውን ሳይሆን ያገኙትን ነበር የሚያነሡት። በቤታቸው ግን ጥቂት አስቸጋሪ ነበሩ፤ ወጥ ሲቀርብ እንኳ፣ «እነሆ፣ ድስቱ ከጓዳ ወጣ፤ በስተቀኝ እየመጣ ነው» ስለሚሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ብዙ ጊዜ ተቆጥተዋቸዋል። ልጃቸው እናትዓለም የስፖርት መምህርት፣ አስማማው የመካኒክ ባለሙያ ሆነውላቸዋል። የፋሲካ ዕለት ቤተሰቡ ጾሙን ከፈታ በኋላ ማዕዳቸው ከእነ አቶ ዳውድ ቤት ደጅ ድረስ ይዘረጋ ነበር፤ ሁለት በግ ይታረዳል፣ አንዱን አቶ ዳውድ ራሳቸው ይባርኩታል። ለዒድም እኛ ወደዚያ እንሄዳለን።

በ1980 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ስለ ጸናባቸው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ፤ በወንዛዬ ፍል ውኃም ለጥቂት ጊዜ ተጠመቁ። እስከ ባለፈው ኅዳር ድረስ ማይክራፎኑን አልለቀቁም ነበር። ጥር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸውን በጨረሱ በሁለት ወራቸው፣ በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅን፣ ልጆቻቸውን እናትዓለምንና አስማማውን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ አራት እኅትና ወንድሞች፣ እንዲሁም ከወንድም የማይለዩትን አቶ ዳውድን ትተዋል። ባስታመምንበት ጊዜና ዛሬም በለቅሷችን አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት እንዳለብኝ ያውቁ ነበርና አስጠርተውኝ፣ «አካሉ፣ ምን ጻፍህ?» አሉኝ።

«ገና አልጀመርሁም» አልሁ።

«እንግዲያው ሥራዬን ሁሉ አትደርድር። ጥር ፀሐዩ ይከብዳል፤ ቆሞ የሚሰማህ ሽማግሌ አለ። አሳጥረው፤ ሰዉን ወደ ጥላ አግባው።»

ወንድሜ ሆይ፣ እንዳልኸኝ ላሳጥር ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወገኖቼ፣ እናንተ ወደ ጥላው ግቡ፤ እሳቸውንም የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ በማይጠወልግ ለምለም ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።