ለልጄ የመረጥኳት የብር ደወል

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮህብሻል ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት አስታገሰልሽ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ፣ መንትዮቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? አማትሽስ አሁንም ጆሯቸው የሚሰማው የፈለጉትን ብቻ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ። እጄም እግሬም እንዳለ ነው። እምቢ ያለኝ መቀመጥ ነው። ይኸው ሦስት ቀኔ፤ ወንበሩ እሾህ ያበቀለ ይመስል አላስቀምጥ ብሎኛል፣ ልሂድ ብል ደግሞ የምሄድበት የለኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር «እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር፤ ግን የምነግርሽ ነገር በሰው እጅ የሚያልፍ አይደለም። ፊደሉ ከተንጋደደ አናጢ ነው የጻፈው ብለሽ እለፊው።

ነገሩ የልጄ ነገር ነው። ልጄ «እርስዎ» ትለኛለች። እስካሁን አልነገርኩሽም፣ ስለከበደኝ ነው። እናቷ ታማ በተኛች ጊዜ ልጄ ስምንት ወር ሙሉ ከምትሠራበት የመጋረጃ መስፊያ ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ነበር የምትመጣው። ታገላብጣታለች፣ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች። እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ሆኜ በከዘራዬ ወለሉን እመታለሁ። አንዴ ከመታሁ ሻይ ነው፣ ሁለቴ ከመታሁ ራዲዮኑ ነው፤ መስኮቱም በከዘራ፣ ጫማዬም በከዘራ። ክፋት አልነበረኝም እህቴ። ሚስቴ አርባ ዓመት ያስለመደችኝ እንዲያ ነው። በቀብሯ ማግስት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ እጄ እንደ ልማዱ ወለሉን መታ። ልጄ ሻዩን ይዛ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ፊቴ አስቀመጠችና «ይጠጡ» አለችኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ «እንካ አባዬ፣ ጠጣ» ነበር የምትለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ በሰለች፣ ክብሬን አወቀች ብዬ በመምህሩ ፊት ተኩራርቼበታለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። «ደህና ዋሉ?»፣ «ምን ጎደለዎ?»፣ «መድኃኒትዎን ይዋጡ።» በየቅዳሜው ትመጣለች፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ልብሴን አጥባ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ባለጉዳይ እንደሚያናግር አናግራኝ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ አክብሮት በር ነው፤ በውጭ በኩል ቀለም ተቀብቶ በውስጥ በኩል የተቀረቀረ። በር መግጠም ሥራዬ ነበር፣ ይህን ግን በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅበትም። ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አፌ አልተፈጠረበትም።

ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ ስጦታ ልገዛላት ቆረጥኩ። ባለፈው ደብዳቤሽ «ለሴት ልጅ ሁሉም ሰው የሚገዛውን አትግዛላት፤ ሌላ ሰው ዘንድ የማይገኝ፣ ዕድሜ የጠገበ፣ ክቡር ነገር ፈልግላት፣ ያኔ አስቦልኛል ትላለች» ብለሽ የመከርሽኝ አንቺ ነሽ። እንግዲህ ከሆነው ጥፋት ግማሹ ያንቺ ነው ማለት ነው።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ለሴቶች የሚሆን ጥንታዊና ውድ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አለ። ለበዓሉ መስኮቱን በመብራት አሸብርቀውት ነበርና ገባሁ። እህቴ፣ አሮጌ ነገር እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም! ጀርባው ብር የሆነ የእጅ መስታወት፣ ከዛጎል የተሠራ ማበጠሪያ፣ ስታጥፊው እንደ ውኃ ከእጅሽ የሚያመልጥ የሐር ሻርፕ፣ መዝጊያው ቀጭ የሚል የቆዳ ቦርሳ፣ የሚጨመቅ ፊኛ ያለው የሽቶ ጠርሙስ፣ ሁሉም ቀይ ከፋይ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ባለሱቋ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። «አባቴ፣ ዕቃው ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል» ብትለኝ፣ «እንግዲያው እኔንም መስኮቱ ላይ አስቀምጪኛ!» አልኳት። አልሳቀችም።

እሷ ለአንዲት ደንበኛ «መቶ ዓመት የሞላው» እያለች የምታሳየው የጌጣጌጥ ሣጥን ነበር። አንሥቼ ገለበጥኩት። የማጠፊያው ብሎን ራሱ ባለ መስቀል ነው፣ እኔ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የመጣ ብሎን! ጣውላውም ቀለም ጠጥቶ ያረጀ እንጂ ዕድሜ ያስረጀው አይደለም። «ይህ ሣጥን ከእግሬ ጫማ በዕድሜ ያንሳል» አልኩ፣ ድምፄንም አልቀነስኩም። ደንበኛዋ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና ውልቅ አለች። የባለሱቋ ፊት በርበሬ መሰለ። ቁልፍ አውጥታ «ለእርስዎ ዓይን የሚሆነው እዚህ ነው» ብላ የመስታወቱን ቁም ሣጥን ከፈተችልኝ፤ አፌን ልታስዘጋኝ መሰለኝ።

እዚያ ውስጥ ነው ያየኋት። ከመዳፌ የማትበልጥ የብር ደወል፣ እጀታዋ ዞጲ፣ ያ ጥቁሩ ጠንካራ እንጨት። ዞጲ እንዴት እንደሚያስቸግር እኔን ጠይቂኝ፤ ይሰነጠቃል፣ መሮ ይሰብራል። ይህን ግን አንድ ብልኅ ሰው እንደ ሰም አለስልሶ፣ ወገቡ ላይ ሦስት ቀለበት አውጥቶ ቀርጾታል። ማን እንደሆነ ባላውቅም ነፍሱን ይማር። ሳነቃንቃት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ለልጄ ይህች ናት አልኩ። እጀታዋ ላይ ትንሽ ወረቀት ታስሮባታል፣ ጽሑፉ የቁንጫ ያህል ነው። ከመካከሉ «ብር» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ባለሱቋ «ምን እንደሆነች አንብበውታል አይደል?» ስትለኝ «አንብቤዋለሁ እንጂ!» አልኳት። መነጽሬን ረስቼ ነው ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? «ልጅዎ ትልቅ ቤት ነው ያላት?» ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ። ያላት አንድ ክፍል ከነኩሽናዋ ነው፤ እኔ ግን በባዕድ ፊት ልጄን አላሳንስም፣ «በጣም ትልቅ!» አልኩ። ዋጋውን አንቺም አትጠይቂኝ፣ እኔም አልነግርሽ።

በሐር ወረቀት ጠቅልላ በሪባን አሰረችልኝ። ካርዱን ራሴ ካልጻፍኩ አልኩ። ረጅም ጽሑፍ ስለማይሆንልኝ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ «ይህች ስትጮህ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ።» ሰኞ ዕለት የሱቁ መልእክተኛ ሥራ ቦታዋ ድረስ ወሰደላት።

ማክሰኞ ጠዋት መምህሩን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ጎረቤቱ ሁሉ «መዝገበ ቃላት» ይለዋል፣ ያልጠየቁትን ሁሉ ስለሚተረጉም። ስለ ደወሏ እያጋነንኩ አወራሁለት። ሰምቶ ሰምቶ «ጋሼ፣ ይህች እኮ የአሽከር መጥሪያ ናት» አለኝ። «የምን መጥሪያ?» አልኩት። «ጌቶች ገበታ ላይ ያስቀምጧታል፣ ሲያቃጭሏት ገረዲቱ ትመጣለች» አለኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «መቼስ ካርድ ነገር አልጻፉበትም?» አለኝ። የጻፍኩትን ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረዳ የኖረ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ነው መላው የጠፋኝ። ወደ ሱቁ ሮጥኩ፤ ባለሱቋ «ፈርማ ተቀብላለች» አለችኝ። ስልክ አንሥቼ ቁጥሯን እስከ መጨረሻው ነካክቼ መልሼ ዘጋሁት። ትናንት ደግሞ መስፊያ ቤቱ ድረስ ሄጄ በመስኮት አየኋት። ረጅም ጠረጴዛ ዳር ቆማ ሰፊ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ መቀሱ አንዴም አልቆመም። ቀና ብትል ታየኝ ነበር። እኔ ልግባ ልመለስ እያልኩ ስንቆራጠጥ የጥበቃው ሰው «አባቴ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ወንበሩን ከግድግዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ግድግዳ አዛወርኩ። ምንም ያልሆነ መሳቢያ ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ። ከዘራዬን ከበሩ ኋላ ደበቅኩት፣ ሳየው አሳፈረኝ።

ቁጣዋ አይደለም ያስፈራኝ። ብትቆጣ እሰየው። የምፈራው ቅዳሜ እንደ ልማዷ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ስለ ስጦታው አመሰግናለሁ፣ ደክመዋል» ብላኝ እንዳትሄድ ነው። ያን ጊዜ አበቃ። እስክሞት እርስዎ ሆኜ መቅረቴ ነው። እስቲ አንቺ ምን ትመክሪኛለሽ? መልስሽ እስኪደርስ በዓሉ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፣ ግን ሌላ ማንን ልጠይቅ? ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ።

ብዕሬን የጣልኩት ትናንት ነበር፣ ይህን የምቀጥለው ዛሬ ዓርብ ጠዋት ነው።

እሷ ነበረች። ሐሙስ ቀን መጥታ አታውቅም። የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፣ ትከሻዋ ላይ ክር ተንጠልጥሏል። ደህና ዋሉም አላለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ከማለቴ ደወሏን ከቦርሳዋ አውጥታ አፍንጫዬ ሥር ያዘቻት። «ሥራ ቦታ በሰው ሁሉ ፊት ነው የከፈትኩት! ካርዱን ጮክ ብላ ያነበበችው አለቃዬ ናት! ሦስት ቀን ልዋጠው ብዬ አልወርድ አለኝ። ምን አድርጌ ነው? ገረድህ ነኝ ወይ?» አለችኝ።

ገረድህ። እህቴ፣ ተሳስቼ አይደለም የደገምኩት። ገረድዎ አላለችም፣ ገረድህ ነው ያለችው። አንዲት ፊደል ናት፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ፊደል እንዲህ አንጀቴን አርሳው አታውቅም። ስድቡን የሰማሁት ዘግይቶ ነው።

«አላወቅኩም» አልኳት። «ወረቀቱን ማንበብ አቃተኝ። አንብቤዋለሁ ብዬ ዋሸሁ።» እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ ደወሏን ከአፍንጫዬ ሥር ዝቅ አደረገች። ከዚያ እልኋ ተመለሰ። ሄዳ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፣ እናቷ እንኳ ተቀምጣበት በማታውቀው ወንበር ላይ። ዓይን ዓይኔን እያየች ደወሏን አቃጨለቻት።

ተነሣሁ። ምን አስነሣህ ብትይኝ አላውቅም፣ ጉልበቴ ነው ከእኔ የቀደመው። ፊቷ ቆሜ «አቤት፣ ምን ላምጣልሽ?» አልኳት። ቤቱን ዙሪያውን አየችው። ለቁጣው ተዘጋጅታ ነው የመጣችው፣ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አላዘጋጀችም። ለካ ይህችን ልጅ በዚህ ቤት ምን ላምጣልሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። «እንጃ» አለች። «እንጃ፣ ምንም አልፈልግም፣ ቁጭ በል።»

አልተቀመጥኩም። «ቁጭ በል ስልህ!» ብላ ጮኸች። «ካላዘዝሽኝ አልቀመጥም» አልኳት፤ ግትርነቴን መቼስ ታውቂዋለሽ። «እንግዲያው መስኮቱን ዝጋው፣ በረደኝ» አለች። ዘጋሁት። አቃጨለች። «ኧረ ታፈንኩ፣ ክፈተው!» ከፈትኩት። ሦስተኛ ስታቃጭል ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ሽው ሲል አየሁ፣ ሳቅ ነው ብዬ ግን አልምልም። «ትራስ» አለች። አምጥቼ ከጀርባዋ ደገፍኩላት። ያን ጊዜ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታለቅስ እንደሆነ ትስቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ክሩን ከትከሻዋ ላይ አነሣሁላት።

ይቅርታ አልተባባልንም። ደወሏን ጥላልኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር፣ ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተቻት። ደጃፉ ላይ ዞር ብላ «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ወንበሩ የእኔ ነው» አለችኝ። ደረጃውን ስትወርድ ደወሏ ከቦርሳዋ ውስጥ ታቃጭላለች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ እስክትጠፋ ቆሜ ሰማኋት። መምህሩ በሩን ገርበብ አድርጎ «እንዴት ሆነ ጋሼ?» ሲለኝ «ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» አልኩት።

አልዋሽሽም፣ ልቤ አሁንም አላረፈም። ቤቷ ገብታ ስታስበው ብርዱ ተመልሶባት እንደሆነስ? ነገ በሩን ከፍታ «ደህና አደሩ» ብትለኝስ? ጠዋት ቤቱን በራሴ እጅ ጠርጌዋለሁ፣ ጥግ ጥጉን ግን አልቻልኩበትም፤ አቧራው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይወጣልኝም። አሁን ደግሞ ልጠርግ ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ሲጋራውን ካልተወ ሳሉም አይተወውም በይው። ትልቋን ልጅሽን አጎትሽ ናፍቆሻል በያት። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለማልለያቸው ሁለቱንም እኩል ሳሚ። ለአማትሽ ደግሞ ጮክ ብለሽ ሰላም በይልኝ። ለአንቺ ከዚያ ሱቅ ምን እንደምመርጥልሽ ሳሰላስል ከርሜ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ጋሼ እያልሽ ጫማዬን ስታቀብዪኝ ኖረሽ፣ ምን እንደምትወጂ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ለበዓሉ ምን እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ። እንጃ ብለሽ ብቻ እንዳትመልሺልኝ።

ወንድምሽ አናጢው
ከአራተኛ ፎቅ ቤቴ፣ መስኮቱ አጠገብ
ዓርብ ጠዋት፣ በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው