ስም አውጥተው ቀበሩት

ሰኞ

ተረፈች። ይኼን አስቀድሜ ልጻፍ።

ጠዋት ወደ ሆስፒታላችን በባጃጅ ነው ያመጧት፣ ከሆሞሻ መንገድ። ሐዋ ትባላለች፤ የሦስት ልጆች እናት። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደም ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ሞቶ ተወልዷል። ወንድ፤ ሰባት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረው። አማቷ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛዋለች።

ከገበያ የሚያስወርድ ክኒን ገዝታ ውጣ ነው። በሹክሹክታ ነገረችኝ። ምክንያቱን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ በእሷ አይደለም። የመጨረሻ ልጇን በቀዶ ጥገና ስትወልድ «ሌላ ካረገዝሽ ትሞቻለሽ» ተብላ ነበር። አረገዘች። ባሏ ወርቅ ቁፋሮ ሄዷል፣ መንገዱ ተዘግቷል። እንደምንም እኛ ጋ ደርሳ አስወርዱልኝ ስትል «ወሩ ገፍቷል፣ እኛን ያስጠይቀናል» ብለን መለስናት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ማክሰኞ

ትኩሳቷ አልወረደም። ደም ተሰጥቷታል። ትንሽ ሾርባ ቀመሰች፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

አማቷ ትናንት ከሰዓት ልጁን ይዛው ሄዳ ዛሬ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት «ሲስተር፣ አራት ወር አልፏል አይደል? ነፍስ ገብቷል። እሱ ሰው ነው» ብላኝ ነበር። አማርኛ የአፍ መፍቻዋ ስላልሆነ ለአማቷ ሁሉም «እሱ» ነው፤ ሐዋንም «እሱ ደከመ» ትላታለች። እነሱ ዘንድ አራት ወር ያለፈው ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ ስም ሳይወጣለት አይቀበርም። ኢድሪስ ብለው ቀበሩት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ አለችኝ።

እኛ ጋ ያልተጠመቀ ፍትሐት እንኳ የለውም። ቀናሁባቸው መሰለኝ።

ረቡዕ

ስለ ሕጉ ማሻሻያ የሠራተኞች ስብሰባ። ወሩ የገፋ ጽንስ ያስወረደች ሴት በወንጀል መጠየቋ ይቅር ወይስ አይቅር? ሐዋን አይተው ያዘጋጁት ነው የሚመስለው።

የክፍላችን ሐኪም ግርማ ተነሣ። «ሰባት ወር ማለት ማሞቂያ ውስጥ ብናስገባው የሚያድግ ልጅ ነው። ሕጉ ከላላ ማን ይቆምለታል?» አጨበጨቡለት።

እኔም ተነሣሁ። ልጅ መሆኑን አልክድም፣ ኃጢአትም ነው እላለሁ፣ ግን እናቱን ማሰር ማንን ያድናል አልኩ። በጊዜ ብንቀበላት እዚህ አትደርስም ነበር አልኩ። ከኋላ አንዱ «አዋላጅ ሆነሽ!» አለ። አዎ፣ አዋላጅ ሆኜ! ስንቷን በእጄ ላይ እንዳጣሁ እሱ የት ያውቃል።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። ፖሊስ መጣ።

ፖሊስ ያመጣባት ቀብሩ ነው። «ማን ሞተ?» ተባለ፣ ወሬው ዞረ፣ ቀበሌ ደረሰ። ጫካ ቢጥሉት ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ስንቱ በፌስታል ሲጣል ዝም ተብሏል! እንደ ሰው ስለቀበሩት ወንጀለኛ ሆኑ።

ሳጅኑ ጨዋ ነው። «እህቴ፣ ራሱ ወረደ ወይስ አስወረደችው?» የታካሚ ምስጢር ነው አልኩት። «እንግዲያው ለፍርድ ቤት ትናገሪያለሽ» አለኝ። ሐዋን ሊወስዳት ወደ ክፍሉ ሲሄድ በሩ ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ግርማ። «ትኩሳት አላት። ከአልጋ አትነሣም።» ሳጅኑ ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

በኋላ ግርማ «ሐሳቤን አልቀየርኩም» አለኝ። «ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

እማዬ ከቢቸና ደወለች። «ከሰው ጣጣ እጅሽን አውጪ፤ እንጀራሽ ነው።» እውነቷን ነው። ፈርቻለሁ።

ዓርብ

ትኩሳቷ ወረደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ስትድን ነው የሚወስዷት።

ትኩሳቷን ስለካላት «ሲስተር፣ ባንቀብረው ፖሊስ አይመጣም ነበር?» አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። «አይመጣም ነበር» አልኳት።

አማቷ ሰማች። «ሐራም! ልጅ አይጣልም!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሐዋ አላለቀሰችም። ወደ ግድግዳው ዞራ «ኢድሪስ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ክኒኑን ሳልውጥ በፊት።»

አንጀቴን በላችው። ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ወጣሁ።

ሰኞ ተረኛ አልነበርኩም። ከአንዷ ጋር ተቀያይሬያለሁ፤ ሳጅኑ ሲመጣ እዚያ እሆናለሁ። ምን እንደምለው ገና አላውቅም።